የአንድ ጉልበት ዋጋ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ነህ የኔ ጌታ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ አሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን፣ ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ፣ በስልክ የጀመርነውን ክርክር ሳንጨርስ ሥራ መግቢያዬ ደረሰና ዘጋሁብህ። «ኮማንደርስ የሚቀጥሉትን ዓመታት የመጀመሪያ ዙር የተጫዋች መምረጫ ተራዎች ሁሉ ሰጥቶ አንድ ትልቅ ኮከብ ያምጣ» ነበር ያልከው። እኔ አልስማማም። ይህን ጨዋታ የወደድኩት ካንተ ጎን ተቀምጬ ነውና ምክንያቴን በደንብ ልጻፍልህ።

እኔ የድራፍቱን፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበትን ሥርዓት፣ ሕጉን ራሱን እወደዋለሁ። 32 ቡድን፣ 7 ዙር። አምና ብዙ የተሸነፈው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሱፐር ቦውሉን፣ የዋንጫውን ጨዋታ፣ የበላው መጨረሻ ይመጣል። ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ እንደተባለው ነው። በፈረንጆቹ 1936 ሲጀመር ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነው። ቡድኑ ደካማ ነበር፤ ጎበዝ ጎበዞቹን የኮሌጅ ልጆች ጠንካሮቹ ቡድኖች እየወሰዱ አስቸገሩት።

ስለዚህ ተራ ማለት ሀብት ነው። ይለወጣል፣ ይሸጣል። መዘዙም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

2012 ላይ አንተ ገና ሕፃን ነበርክ። የኛ ቡድን 6ኛ ተራ ነበረው። ኳርተርባኩን፣ ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ፣ ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት ሲል 2ኛውን ተራ ራምስ ከሚባለው ቡድን ወሰደ። በምትኩ 6ኛውን ተራ፣ የዚያኑ ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ የ2013 እና የ2014 የመጀመሪያ ዙሮችን አስረከበ። ልጁ ደግሞ አላሳፈረንም። የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ፣ ቡድኑም 10 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በላ። ጥር 2013 ግን ከሲያትል ጋር በጥሎ ማለፍ ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ እንደ መጀመሪያ ዓመቱ አልሆነለትም።

ልብ በልልኝ፣ በግሪፈን አልፈርድም። የሰው ጉልበት ነው፣ ይጎዳል። ክፋቱ ጉልበቱ ሲጎዳ ቡድኑ እጅ ላይ የረባ ተራ አለመኖሩ ነው። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ ሆነ። ከፊቱ ቆሞ የሚከላከልለት፣ ኳስ የሚቀበልለት ልጅ ከየት ይምጣ?

ታኅሣሥ 2014 ራምስ እዚሁ ላንዶቨር፣ ሜዳችን፣ መጡ። ሳንቲም ሲጣል አምበሎች ወደ መሃል ይወጡ የለ? አሠልጣኛቸው ጄፍ ፊሸር ስድስት ልጆች ላከ። ስድስቱም ግሪፈን በተለወጠባቸው ተራዎች የተገኙ ናቸው። ግሪፈን ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ተቀያሪ ነበር። 24 ለ 0 ተሸነፍን። ከስድስቱ ኮከብ ያልሆኑም አሉ፣ ይህን አልክድም። ግን ስድስት ዕድል ያለው ሰው ሁለቱ ቢበላሹበት አራት ይቀሩታል።

ደግሞ በዚያው ድራፍት፣ አራተኛ ዙር ላይ፣ ቡድናችን ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር፤ 102ኛው ከርክ ከዝንስ። በ2015 ምድቡን ያስበላን እሱ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮም ያው ነው። በ2021 ኳርተርባኩን ትሬይ ላንስን ለማግኘት የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ሰጡ። በዓመቱ ደግሞ የድራፍቱን የመጨረሻ ልጅ፣ 262ኛውን ኳርተርባክ ብሮክ ፐርዲን ወሰዱ። የካቲት 2024 ሱፐር ቦውል ላይ የቆመው ማን ነበር? ፐርዲ።

የገንዘቡን ነገር አትርሳ። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ጣሪያ አለው፤ በ2024 ለአንድ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ድራፍት የተደረገ ልጅ ደሞዝ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በተራው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ርካሽ ነው። አንተ የምትለውን ኮከብ ስታመጣ ተራህን ትሰጣለህ፣ ደሞዙንም ትሸከማለህ። ሁለቴ ነው የምትከፍለው!

አሁን ያለንን ቡድን ተመልከት። በ2023 በ4 ድል ብቻ ጨረስን፣ በዚያ ውርደት 2ኛው ተራ ደረሰንና ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ መጣ። ለማንም ምንም አልሰጠንም። በመጀመሪያ ዓመቱ 12 ጨዋታ አሸነፍን፣ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ቀርቶን ቆምን። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳንኤልስ ነው፣ ይገባዋልም። እኔ ግን ልቤ ማይክ ሴንሪስቲል ላይ ነው። ሄይቲ ተወልዶ በልጅነቱ ማሳቹሴትስ የመጣ ልጅ ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ተከላካይ ሁን ሲሉት እሺ ብሎ ሁሉን እንደ አዲስ ተማረ። በሁለተኛ ዙር 50ኛ ሆኖ መጣልን። ጥር 2025 ዲትሮይት ላይ ሁለት ኳስ ሲነጥቅ ሳሎን ውስጥ እልል አልኩ፣ አባትህ ደንግጦ ከመኝታ ተነሳ። ኳስ ተቀባያችን ቴሪ መክሎረንም እኮ በ2019 የሦስተኛ ዙር ልጅ ነው፣ 76ኛ። እነዚህን ተራዎች ቀድመን ሸጠናቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም የሌላ ቡድን ማሊያ ለብሰው ነበር የምናያቸው።

በሚያዝያ ድራፍቱ ሲደርስ እንደምንም ብለህ ና። ሐሙስ ማታ የመጀመሪያው ዙር ነው፣ እሱን ከጓደኞችህ ጋር እየው። ቅዳሜን ግን ለእኔ ስጠኝ፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር አብረን እንቀመጥ። እስከዚያ ከየኮሌጁ ማንም የማያወራላቸውን አምስት ልጆች መርጠህ ጻፍልኝ። እኔም የራሴን አምስት እጽፋለሁ።

ምግብህን በሰዓቱ ብላ።

የምትወድህ እናትህ
ሲልቨር ስፕሪንግ