የጤነኛ ሰው ደም ልክ ስንት ነው? ከጎንደር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ ጤና ይስጥልን!

በላብራቶሪ የምንሠራ ሰዎች ከየሰፈሩ እድሮች ጋር ሆነን አንድ የጋራ ሥራ አስበናል። የጤነኛ ሰው የደም ሕዋስ መጠን ስንት እንደሆነ እዚሁ፣ በራሳችን ሰው ላይ ለክተን ማወቅ እንፈልጋለን። ለዚህም ገንዘባችሁንም ደም የሚቀዳበት ክንዳችሁንም እንጠይቃለን።

ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋስ ቆጠራ የታዘዘለት ሰው ወረቀቱን ያውቀዋል። የራሱ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ «ኖርማል» የሚባለው ልክ ተጽፏል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ «ኤል» የምትል ፊደል ትታተማለች። ይህች ፊደል ስንቱን እንቅልፍ ነስታለች! ነጭ የደም ሕዋሱ 3,600 የሆነ ጤነኛ ወጣት «ምን ሆኜ ነው?» እያለ ከሐኪም ሐኪም ይዞራል፤ ምርመራው ይደጋገማል፤ ብሩ ያልቃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ ግን ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ በሌላ አገር ሰዎች ላይ የተሠራ ነው።

በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ በተፈጥሮው አነስ ይላል። በሽታ አይደለም። ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ካለመኖሩ ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ምልክቱ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አሉ። ስለዚህ የሌላ አፍሪካ አገርን ቁጥር መገልበጥም አያዋጣም።

በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ችግር ሌላ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚያንስ ሰውነት ቀይ ሕዋስ ያበዛል። በቆላ አገር ልክ «ደህና ነሽ» የተባለች እናት እዚህ ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የተጨነቀ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ደህና ነሽ የተባለችው ግን ቤቷ ትቀራለች። የቆላው መተማና የደጋው ደባርቅ ሰውስ እንዴት በአንድ ቁጥር ይለካል? የእነሱም ተራ ይደርሳል፤ አሁን ከከተማችን እንጀምር።

ለአንድ ልክ ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ፣ ልጆችም በዕድሜ ተለይተው። ከላይ 2.5፣ ከታችም 2.5 በመቶ ይቀነስና መሃል ያለው 95 በመቶ ልክ ይሆናል። «ጤነኛ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የአንጀት ትል ኢኦሲኖፊል የሚባለውን ነጭ ሕዋስ ከፍ ስለሚያደርግ ሰገራ ይታያል። ወባ፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስም ይመረመራሉ። ብዙው ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቀሪው ሪኤጀንት ለሚባለው የመመርመሪያ ኬሚካልና ለቱቦ።

የሚቀዳው ደም ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ። ቱቦው ወዲያው ስምንት አሥር ጊዜ በቀስታ ይገላበጣል። ካልተገላበጠ ደሙ ይረጋና ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕላትሌቱ፣ ያነሰ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው ሥራውን የሚታመን የሚያደርገው፤ ስለዚህ የሰለጠነ ቀጂም እንፈልጋለን። ጾም ላይ ነኝ፣ ወይም ቁርስ በልቻለሁ ብላችሁ አትቅሩ፤ ለሲቢሲ ሁለቱም ችግር የለውም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድና ሰውየው ራሱ ሳይፈርም ማንም አይቀዳም። ስም ከውጤት ጋር አይወጣም። ችግር የተገኘበት ሰው በምስጢር ተነግሮት ወደ ሕክምና ይላካል።

መዋጮውን በየእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ስጡ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰባችሁ እድር በኩል ላኩ። አቅም የሌለው ክንዱን ይስጥ፤ ስሙን ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ወጪና ገቢው በየእድሩ ስብሰባ ይነበባል፤ የተገኘው ልክም ለከተማው ላብራቶሪዎች ሁሉ በነጻ ይሰጣል።