ራሱን የሚዘጋ ቧንቧ ለውሃ ከረጢት፦ እጃችሁን ዘርጉልን

ወዳጆች፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለተጣጣፊ የውሃ ከረጢቶች የሚሆን፣ እጅ ሲለቀው ራሱ የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ እየሠራን ነው። ናሙናው ይሠራል። ንድፉን ማንም ሰው በነጻ ወስዶ ሊያመርተው ይችላል፣ የኛ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። አሁን የያዘን ሞልዱ፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶበት ቅርጹን የሚይዝበት ዕቃ፣ ነው። ፕላስቲኩን በብዛት ለማውጣት የብረት ሞልድ ማስቀረጽ ግድ ነው፣ እሱ ደግሞ እስካሁን ከየኪሳችን እያወጣን ስንሠራ ለቆየነው ሰዎች ከአቅም በላይ ሆነ።

ገንዘብ ከመጠየቄ በፊት ግን ምን ላይ እንደሚውል በደንብ ልንገራችሁ።

ከረጢቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባዶውን ተጠቅልሎ ቦርሳ ጥግ ይገባል፣ ሲሞላ 10 ወይም 20 ሊትር ይይዛል። የውሃ መስመር ሲቋረጥ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሰውን ከቤቱ ሲያፈናቅል፣ ወይም እንዲሁ ለረጅም መንገድ፣ ከእሱ የተሻለ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። አንድ መኪና ባዶ ጀሪካን ከሚጭን ከረጢት ቢጭን በብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ሰው ይዳረሳል። ችግሩ ያለው አፉ ላይ ነው።

ብዙዎቹ የሚመጡት በተራ ክዳን ነው። ክዳኑ ይከፈታል፣ ከረጢቱ ይዘነበላል፣ ውሃው በአንዴ ይገለበጣል። ሃያ ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ያውም ቅርጽ የሌለው 20 ኪሎ፤ በዚህ በኩል ስትይዙት በዚያ በኩል ያብጣል። አንድ ብርጭቆ ለመቅዳት አንዱ አቅፎ ይይዛል፣ ሌላው ብርጭቆውን ይደቅናል። ልጅ ታቅፋ ብቻዋን ያለች እናት ምን ታድርግ? ጉልበቱ የደከመ አዛውንትስ? ሰው ሲቸግረው የከረጢቱን አናት በቢላ ይቆርጥና በኩባያ መጨለፍ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ውሃው የቱንም ያህል ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ምን ዋጋ አለው? የሁሉም እጅ እየገባበት ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ፣ ማላዊ ውስጥ በነበረ የስደተኞች ካምፕ የተካሄደ። ለተወሰኑ ቤተሰቦች እጅ የማያስገባ ክዳንና መቅጃ ያለው ባልዲ ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ በነበራቸው ዕቃ ቀጠሉ። አዲሱን ባልዲ ያገኙት ቤቶች ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የታየው ተቅማጥ በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ባልዲ ነው፣ ከረጢት አይደለም። ግን የሠራው ነገር ያው ነው፦ ውሃው ወጣ፣ እጅ አልገባም። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማጣሪያ የለም። የዕቃው አፍ ብቻ ነው የተለወጠው። እኔን በግሌ እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባኝ ይህ ቁጥር ነው።

ብክነቱም ቀላል አይደለም። የሰብዓዊ እርዳታ ሠራተኞች የሚመሩበት የስፌር መመሪያ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይላል፣ ለመጠጥም ለምግብም ለመታጠብም። አሁን በሰከንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ አስቡ። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ነው። በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ይወርዳል፣ ከ4 ሊትር በላይ ማለት ነው። ማንም ልብ ሳይለው ከአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሩቡ መሬት ጠጣው።

«ታዲያ አንድ ቧንቧ ክዳኑ ላይ መሰካት ምን ይከብዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከረጢት ግን ከጀሪካን የተለየ ጠባይ አለው።

ጀሪካን ውሃ ሲወጣለት በምትኩ አየር መግባት አለበት። ስትደፉት ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚቆራረጠው አየሩ በዚያው አፍ ስለሚገባ ነው። ከረጢት አየር አይፈልግም፤ ውሃው ሲወጣ ራሱ ይጨማደዳል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ አየር ካልገባ አቧራም ነፍሳትም አብሮ አይገባምና። ጣጣው የሚመጣው ከረጢቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው። ግድግዳው እየተጠጋ ይመጣና ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ቧንቧውን ትከፍታላችሁ፣ ውሃ ጠብ አይልም፣ ያለቀ ይመስላል። ከረጢቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ብታዩት ግን ላስቲኩ የክዳኑ ውስጠኛ አፍ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጣብቆ፣ ከኋላው ገና ብዙ ውሃ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የኛ ቧንቧ ለዚህ ወደ ውስጥ የምትገባ፣ ጎኗ ዙሪያውን የተበሳሳ አጭር ቱቦ አላት። ላስቲኩ አንዱን ቀዳዳ ቢሸፍን ውሃው በሌላው ይወጣል። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ከረጢቱን እስከ መጨረሻው ታሟጥጣለች።

ሌላው የግፊት ጉዳይ ነው። ውሃው የሚወጣበት ፍጥነት ከቧንቧው በላይ ባለው የውሃ ከፍታ ይወሰናል፤ ይህን ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስልቶታል። ከፍታው 40 ሳንቲሜትር ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 2.8 ሜትር፣ 10 ሳንቲሜትር ሲሆን ደግሞ 1.4 ሜትር ይሆናል፣ በቧንቧው ውስጥ በፍትጊያ የሚቀነሰውን ሳንቆጥር። በሌላ አነጋገር፣ ተሰቅሎ በኃይል የሚፈሰው ከረጢት መሬት ላይ ሲጋደም ይለግማል። ስለዚህ ቧንቧው ከረጢቱ ሞልቶ በተሰቀለ ጊዜ የማይረጭ፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የማያስጠብቅ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብን።

ያሉትን አማራጮች አይተናቸዋል። ሩብ ዙር የሚዞረው የኳስ ቫልቭ ጠንካራ ነው፣ ግን ከፍቶ መርሳት ቀላል ነው፤ የብረቱ ደግሞ ክብደቱ ክዳኑን ይጎትተዋል። ግሉኮስ በሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ ላይ ያለችው፣ በአውራ ጣት የምትንከባለል መቆጣጠሪያ ርካሽና ብልህ ናት፤ ነገር ግን የተጨመቀው ቱቦ ቀስ በቀስ ቅርጹን ስለሚለውጥ መጠኑም አብሮ ይለወጣል። ተክል በጠብታ ለማጠጣት ትሆናለች፣ ለመጠጥ ውሃ ግን አንመርጣትም። የተጓዦች ከረጢት ላይ ያለው፣ በጥርስ ነከስ ሲያደርጉት የሚከፈተው ደግሞ ለአንድ ሰው አፍ ነው፣ ቤተሰብ አይጋራውም።

የኛ ቧንቧ ወደ ታች በሚጫን ሰፊ ምላስ ይሠራል። ትንሽ ሲጫኑት ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ቀጭን ውሃ ይሰጣል፣ እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ድስት ይሞላል። ሲለቁት ይዘጋል፣ አለቀ። የብረት ሞላ የለውም፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ብረትን ስለሚበላ መልሶ የሚዘጋው የሲሊኮን ሽፋኑ ራሱ ነው። ሽፋኑ ቢያረጅ ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይነቀላል፣ በሌላ ይተካል። ምላሱን ሰፊ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ጣቶቹን የሚያመው ሰው በእጁ ጀርባ ወይም በክንዱ መጫን እንዲችል። እጁ የቆሸሸ ሰውም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ የቧንቧው ክፍል ይሄ ነው።

ከረጢቱን ራሱን አንበሳም። ስሱ ላስቲክ ከተበሳ ከዚያው ይቀደዳል። ቧንቧው የሚገባው በክዳኑ ቦታ ነው፣ እዚያ ጠንካራ አንገትና ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ አለ። ችግሩ የክዳኑ ስፋትና ጥርስ ከአምራች አምራች መለያየቱ ነው፣ ስለዚህ መሐል ላይ የሚገቡ ማስማሚያ ቀለበቶች ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ለቧንቧው ሞልድ። ቀጥሎ ፕላስቲኩና ሲሊኮኑ ወደ ውሃው ምንም መጥፎ ነገር እንደማይለቁ ለሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ፤ ይህንን መዝለል የማይታሰብ ነው፣ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው። ከተረፈ ለማስማሚያ ቀለበቶቹ ሞልድ። ለማናችንም ደሞዝ የለም። እያንዳንዱ ደረሰኝ ለሰጪዎች በሙሉ ይላካል፣ የሞልዱ ወጪ ካልሞላ ደግሞ ያዋጣችሁት ገንዘብ ይመለስላችኋል።

መጠኑ አያሳስባችሁ። ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢመጣ እንመርጣለን፣ ሥራው የሁሉም እንዲሆን። መስጠት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ገንዘብ ያዣችን መንገዱን ይነግራችኋል።

ገንዘብ የሌላችሁም ብዙ ልትረዱን ትችላላችሁ። የተቀደደ ከረጢት አትጣሉ፣ አንገቱና ክዳኑ ለኛ ወርቅ ነው። ስሪዲ ፕሪንተር ያላችሁ የቀለበቶቹን ናሙና አትሙልን፤ ለልክ ሙከራ ብቻ ነው፣ የሚጠጣ ውሃ አይቀዳበትም፣ ምክንያቱም በታተመ ፕላስቲክ ንብርብሮች መካከል የሚቀሩት ስንጥቆች በደንብ አይጸዱም። በሞልድ ሥራ ወይም በፕላስቲክ ልምድ ያላችሁ ደግሞ ሥዕሎቹን እዩልንና ጉድለታቸውን ንገሩን። አንድ ባለሙያ የሚሰጠን የአንድ ሰዓት ጊዜ ሞልዱ ከተቀረጸ በኋላ ሊመጣ የሚችል ትልቅ ኪሳራ ያድነናል።

ቧንቧው እስኪደርስ ከረጢት የምትጠቀሙ ሰዎች ደረት ከፍታ ላይ ስቀሉት፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ግን መሬት ሳይነካ። በክዳኑ የምትቀዱ ከሆነ ሙሉውን አትክፈቱት፣ ላላ አድርጋችሁ በጥርሱ መሐል እንዲንጠባጠብ ብታደርጉ ይሻላል። ቢላ ግን አታስነኩት።

የክዳን ልክ ለመላክ፦ የአንገቱን የውጭ ስፋት ከጥርስ ጫፍ እስከ ጥርስ ጫፍ በሚሊሜትር ለኩ፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውንም ርቀት እንዲሁ። ማስመሪያውን ከአንገቱ አጠገብ አድርጋችሁ ከጎን አንድ ፎቶ አንሱ። ከረጢቱ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጨምሩበትና ላኩልን። በብዛት የሚመጣልን ልክ የመጀመሪያው ቀለበት ይሆናል።