«በኃይል ካልተመታ አይፈነዳም» የሚለው ይታረም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተቀላቅለው ስለሚመጡ ያልፈነዱ ተተኳሾች ባወጣችሁት ዘገባ መሃል «በኃይል ካልተመታ አይፈነዳም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ሌላውን እለፈዋለሁ፣ ይህችን ግን አልችልም። የምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጭ ቢያምናት መዶሻውን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል እንጂ አያስቀምጥም። ዘጋቢያችሁ እሱንም ሆነ ፈንጂ በማምከን የምንተዳደረውን አንዳችንንም አልጠየቀም።

ፈንጂ ላይ የሚያርፍ ምት በኃይሉ ብቻ አይለካም፤ ግፊቱ የቆየበት ጊዜም ይቆጠራል። ቀጭን የብረት ዝርግ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታው ግፊቱ የሚቆየው ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከዝርጉ ጀርባ የሚመለሰው ሞገድ ቶሎ ደርሶ ያረግበዋልና ፈንጂው ላይነሳ ይችላል። በዚያው ፍጥነት ወፈር ያለ ዝርግ ሲመታው ግን ግፊቱ ያው ሆኖ ስለሚረዝም ይፈነዳል። ዎከርና ዋስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን በስሌት አስቀምጠውታል፦ የግፊቱ ካሬ በቆይታው ተባዝቶ ከተወሰነ ወለል ማለፍ አለበት። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ቆይታው አራት እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው።

«የመዶሻ ግፊት ከዚያ ወለል እጅግ በታች ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰው የሚሞተውም ይህን ሰምቶ ሲዝናና ነው። መዶሻ የሚያስነሳው በሌላ መንገድ ነው። በፈንጂው ውስጥ የታሰሩ የአየር ቀዳዳዎች ሲጨፈለቁ፣ ቅንጣቶቹ ሲፋተጉ፣ በፊውዙ (ተተኳሹን በሚያስነሳው ክፍል) የብሎን ጥርስ መካከል የገባ የፈንጂ ብናኝ ሲቆነጠጥ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ባነሰ ቦታ ላይ ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ይወጣል። ቃጠሎው እዚያ ይጀምራል፤ የብረቱ ቅርፊት ጋዙን አፍኖ ሲይዘው ወደ ፍንዳታ ሊሸጋገር ይችላል። ለዓመታት ፀሐይና ብርድ የተፈራረቀበት ፈንጂ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እንዲህ ያለ የሙቀት ነጥብ የሚፈጠርበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፊውዙ ነው። በውስጡ ያለው ማስነሻ እንደ ዋናው ፈንጂ፣ እንደ ቲኤንቲ፣ ታጋሽ አይደለም፤ ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ መጠበቂያው በተኩሱ ግፊት ተለቆ፣ መርፌው ማስነሻው አፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው መዶሻም አያስፈልግ፤ ማንሳት፣ ማዘንበል ወይም ከመኪና ላይ መወርወር ይበቃል።

ዘገባው ተጎጂዎቹን «ቸልተኞች» ማለቱ ያንገበግባል። በኪሎ የሚከፈለውን ቁራሌ ማን አስተምሮት ነው ቸል ያለው? ጭነቱን ሳይፈትሽ በገፍ የሚሸጥለት ነጋዴስ በዘገባው ውስጥ ለምን የለም?

ማረሚያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ሜዳ ላይ ያየ አይንካ፣ ድንጋይ አይወርውር፣ በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ቦታውን ከሩቅ አመልክቶ ለፖሊስ ይንገር። ብረት መጋዘን ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ከተገኘም እዚያው ሚዛኑ ላይ ይቆይ፤ የሚወጣው ሰው ነው።