ለጠጅ ደንበኞቻችን፦ ጠጁን ከሱቅና ከሆቴል ለምን እንዳወጣነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የጻፋችሁልንን ሁሉ አንብበናል። «ጠገባችሁ» ያለን አለ፣ «ሰፈራችን ካለ ሱቅ እየገዛን አሳድገናችሁ ዛሬ አያት ድረስ ኑ ትሉናላችሁ?» ያላችሁም አላችሁ። ላስቸገርናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ያው ነው፣ ከአሁን በኋላ ጠጃችን የሚሸጠው ከራሳችን በር ብቻ ነው፣ ምክንያቱን ደግሞ ከሌላ ከምትሰሙት ከኛው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ማር በብዛት የሚቆረጠው ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ገበሬው ያኔ የሚፈልገው ካሽ ነው፣ ሁለት ወር ጠብቀኝ ብትሉት ለነጋዴ ይሰጠዋል፣ እውነቱን ነው። ሱቆቹና ሆቴሎቹ ግን ከኛ የሚወስዱት በዱቤ ነው፣ «ሲሸጥ እንከፍላለን» ነው ነገሩ፣ መች እንደተሸጠ ደግሞ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። አምና ማሩ ገበያ ላይ በፈሰሰበት ሰዓት የኛ ብር የሰው ደብተር ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ክረምት ላይ ያንኑ ማር ከነጋዴ ወገብ በሚቆርጥ ዋጋ ገዛነው።

«ታዲያ ስኳር ጣል አድርጉበት» ያለንም አለ፣ ምክር መሆኑ ነው። በስኳርና በቢጫ ቀለም የሚሠራ ጠጅ ከተማው ውስጥ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ ልዩነቱን ጠዋት ራሳችሁ ይነግራችኋል። እኛ ግን ከእናቴ ጀምሮ አንድ ማር ለሦስት ውሃ ነው፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ሰፈፉ በእጅ ይለቀማል፣ ጌሾው እንጨቱ ነው እንጂ ቅጠሉ አይገባም። በ2003 የውጭው ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ገዛ፣ ወዲያው ሌላው የውጭ ኩባንያ ዲያጂዮ ሜታ ቢራን፣ ከዛ በኋላ ያኔ የነበርንበት ካዛንቺስ በቢራ ጥላና በቢራ ፍሪጅ ተሞላ፣ ጎረቤት ጠጅ ቤቶች አንድ ባንድ ወደ ድራፍት ሲዞሩ እናቴ አልዞረችም። እልኸኛ ነበረች፣ እኔም የወረስኩት ከጋኑ ጋር ያንን ነው መሰለኝ።

ሌላው፣ ጠጃችን ጠርሙስ ውስጥ ገብቶም መብላላቱን አያቆምም፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ግን የቢራ ፋብሪካው ነው፣ የኛ አይገባበትም፣ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ከዛ ወይ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል ወይ ይኮመጥጣል፣ ስድቡ ለኛ። አንዱ ቤት ጭራሽ (ስሙን አልጠራም) ውሃ እየጨመረበት በኛ ስም ሲሸጥ ደርሰንበታል፣ «ጠጃችሁ ቀጠነ» ብላችሁ የደወላችሁልን ያኔ ነው፣ ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተብሰልስያለሁ።

ዋጋው ጨመረ ላላችሁት ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አልፎ ሄዷል። ማር ያገር ቤት ነው ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፣ ግን ማሩን የሚያመጣው አይሱዙ ነዳጁም ጎማውም ከውጭ ነው፣ ጠርሙሱም ተወዷል። ቢሆንም አሁን ሱቁ ይጨምርበት የነበረው ስለቀረ ከኛ በር ስትገዙ ሱቅ ከለመዳችሁት ዋጋ ያንሳል። በቴሌብር የምትልኩልን ብር የዛኑ ቀን ለማር ይውላል፣ ማንም ደብተር ላይ አያድርም።

ደንበኛ ናቁ የሚለው ነገር ነው ያሳዘነኝ። ካዛንቺስ እያለን ጀምሮ የምታውቁን አላችሁ፣ ቤቱ ፈርሶ አያት ስንገባ እያፈላለጋችሁ የመጣችሁ፣ እናንተን ንቀን የት እንደርሳለን? ሱቆቹ ቢቀሩብን እንኖራለን፣ እናንተ ከቀራችሁብን ግን የምንጥለው ጠጅ ማን ሊጠጣው ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሩቅ ለሆነባችሁ፣ ባቡሩ አያት ድረስ ይመጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግራችሁ አንድ ሰው ለሁላችሁም ቢወስድ ደስ ይለናል፣ ቀድማችሁ ከደወላችሁ አዘጋጅተን እንጠብቃለን። ጀሪካን ወይ ንጹሕ ሃይላንድ ይዞ ለመጣ የጠርሙሱን ሂሳብ እንቀንሳለን። ጥር ላይ ሰርግ ያላችሁ እባካችሁ ከአሁኑ ንገሩን፣ በዚህ ብርድ ጠጁ ቶሎ አይደርስም፣ በመጨረሻው ሳምንት ለሚመጣ ሰው ያልደረሰ ጠጅ አንሰጥም፣ ብትቆጡም። ሰኞ ዝግ ነን። ባዶ ጠርሙሶቻችን እቤታችሁ ካሉ መልሱልን።

አክባሪያችሁ፣
የጠጅ ቤቱ ባለቤት
ኅዳር 2018፣ አዲስ አበባ