ሊጋልቡበት ነው ወይስ ሊሰለፉበት?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዘንድሮ የአርበኛ ልብስ ልታዙ ስትመጡ፣ ገና ሜትር ሳናወጣ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ልብሱ ለሰልፍ ነው ወይስ ለፈረስ? አንዳንዶቻችሁ «ያው አንድ አይደል እንዴ?» ብላችሁናል። እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። አምና አንድ ደንበኛችን ለአድዋ በዓል የሰፋንለትን ሱሪ ለብሶ ጉግስ ገባ። ገና ዘንጉን ሳይወረውር ሱሪው ከመሃል ተተረተረ። እሱ ስቆ አለፈው። እኛ ግን አፈርን፤ ጥፋቱ የኛ ነበር።

የሰልፍ ሱሪ የሚቆረጠው ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው። ፈረስ ላይ ግን እግር ይከፈታል፣ ወገብ ይዞራል፣ ክንድ ወደ ኋላ ተስቦ ዘንግ ይወረውራል፣ ወዲያው ደግሞ በጋሻ መመከት አለ። ስለዚህ ለጋላቢ በሁለቱ እግሮች መገናኛና በብብት ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እናስገባለን። ኮርቻ የሚያሸውን ስፌት ወደ ፊት እናዞረዋለን፤ አለዚያ ጭን ይልጣል። ትከሻ ላይ የሚደረበውን ለምድም አንገት ላይ አናስረውም። ሲጎተት በራሱ የሚለቅ ቁልፍ እንሰፋበታለን። ለምድ ቢወድቅ ይነሳል፣ የሰው አንገት ግን ቀልድ አይደለም። የጋላቢ ልብስ ከሰልፉ የሚወደደው በዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ነው።

«ጨርቁ እጃችሁ ላይ እያለ ለምን ዛሬ አትቆርጡትም?» ለምትሉን ደግሞ፦ በእጅ የተሸመነ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ነክረን ሳናደርቀው መቀስ አናሳርፍበትም።

ጭኑ ላይ ሰፋ፣ ባቱ ላይ ጠበብ ስላለው ተፈሪ ሱሪም እናውራ። ለአድዋ በዓል ብዙዎቻችሁ እሱን ታዛላችሁ። ያምራል፣ አንክድም። ነገር ግን የስሙ ባለቤት ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ውጊያው ሲደረግ አራት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም። የዘመቱት አባታቸው ራስ መኮንን ናቸው። የ1928ቱን የማይጨው ዘማች መምሰል ለፈለገ ተፈሪ ሱሪና ካኪ ይሄዳል። ለአድዋ ግን ምክራችን ነጭ እጀ ጠባብ፣ ባቱ ላይ ጠበብ ያለ ነጭ ሱሪና ከላይ ሸማ ነው። አብዛኛው ዘማች በባዶ እግሩ ነበር፤ እሱን እንኳ ለአስፋልቱ ስንል አናስገድድም።

የአንበሳ ጎፈርና የጉሬዛ ቆዳ አንሰፋም። በሰው ሠራሽ ጸጉር እንሠራዋለን፣ ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም።

አሁን ወደ ቀኑ። የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ጥር 23 ይከበራል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ፈረሶች በአድዋ የነበራቸውን ውለታ ለማሰብ ነበርና፣ ሁለቱ በዓላት ዘመዳሞች ናቸው። ችግሩ በመሃላቸው ያለው አንድ ወር ብቻ መሆኑ ነው። ከነሱ በፊት ደግሞ ገናና ጥምቀት አሉ። በዚያ ሰሞን ሸማኔዎቻችን ስልክ እንኳ አያነሱልንም። ስለዚህ እንጅባራ የምትሄዱ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ለአድዋ በዓል ምኒልክ አደባባይ የምትወጡ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እዘዙ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው «እንሞክራለን» ብለን ቃል አንገባም፤ አምና ገብተን አይተነዋል።

ጋላቢዎች ለልክ ስትመጡ ጠባብ ጂንስ አትልበሱ። በርጩማ ላይ እንደ ኮርቻ እግራችሁን ከፍታችሁ ተቀምጣችሁ ነው የምንለካችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽሮ ሜዳው ስፌት ቤታችሁ