ገመድ አልባው ቻርጀር ለቤት ሳይሆን ለጋራ ማቆሚያ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ድሮም ይስማማታል። የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ሲመጣ ባትሪን ያለ ገመድ የመሙላት ወሬም ተከትሎታል። ይሠራል። ግን ቤቱ ሶኬት ያለው ሰው ገንዘቡን ባያወጣበት ይሻላል፤ ቦታው ብዙ ሰው የሚጋራው ማቆሚያ ነው።

በጋራ ማቆሚያ ቀድሞ የሚበላሸው ሶኬቱ ነው። ሲሰካ ሲነቀል ፒኑ ይላላል፣ የላላ ፒን ይግላል፣ ክረምት ውሃ በጋ አቧራ ይገባበታል፣ መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ገመድ አልባው ይህን ያስቀራል፦ አንድ ጥቅል ሽቦ መሬት ላይ ባለው ንጣፍ ውስጥ፣ ሌላው ብስክሌቱ ላይ፤ ኃይሉ በመግነጢስ ይሻገራል እንጂ በመሃላቸው የሚነካካ ነገር የለም።

ጣጣው ርቀት ነው። ጥቅሎቹ በሚሊሜትር ተጠጋግተው ፊት ለፊት ካልገጠሙ ኃይሉ ይወርዳል፤ መዳፍ የሚያክል ጥቅል አራት ሴንቲሜትር ከተንሸራተተ ብዙ ይባክናል። ኔዘርላንድ ውስጥ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መፍትሔውን ብስክሌቱ በሚቆምበት እግር ላይ አገኙት፤ እግሩ ንጣፉ ላይ ሲያርፍ ርቀቱ ያው ተስተካከለ።

ብረትም አለ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆርኪ የማይወድቅበት ቦታ የት ይገኛል? ንጣፉ ላይ የወደቀ ቆርኪ እጅ እስኪያቃጥል ሊግል ይችላል። ባዕድ ብረት ሲያገኝ ራሱን የማያጠፋ ንጣፍ አይገዛ። በጥቅሉና በብስክሌቱ ብረት መካከልም የፌራይት (መግነጢሱን ወደ ራሱ ስቦ የሚመራ ሴራሚክ) ሰሌዳ ይግባ፤ አለዚያ የምናሞቀው ፍሬሙን ነው።

36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። በገመድ ከግድግዳው 400 ገደማ ከወሰደ ያለ ገመድ 450 ቢደርስ አይገርምም። ልዩነቱ በብር ኢምንት ነው፤ ግን የባከነው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ ንጣፉ አየር ይፈልጋል።

ገመድ ቀረ ማለት ቻርጀር ቀረ ማለትም አይደለም። ከላይኛው ጥቅል የሚወጣው ተስተካክሎ ለ36 ቮልቱ ሊቲየም አዮን ባትሪ 42 ቮልት ላይ፣ በተርታ 13 ሴል ላለው 48 ቮልት 54.6 ላይ መቆም አለበት። ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግ፤ ስለዚህ ማቆሚያው ጥላ ይኑረው። መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ይገጠምለት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ንጣፉ ወዲያው ሳይሆን አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሥራ ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ