«አበደ» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልድያ፣ የግቢ ውሻ ጠባዩ ሲለወጥ ከጎረቤት የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «አበደ!» ድንጋዩና መርዙ ወዲያው ይከተላሉ። እውነተኛው የእብድ ውሻ በሽታ በዝምታ ሲመጣ ደግሞ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው» ተብሎ እጅ አፉ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ስሕተት ውሻ ይገድላል፤ ሁለተኛው ሰው።

ፍርሃት ሰበብ አለው፤ ሰበቡ ሲያልፍ ውሻው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። የፈራ ውሻ ጅራቱን እግሮቹ መሀል ይወሽቃል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ያያል። ይህ ሁሉ ታልፎ ከተጠጉት ያጉረመርማል። ማጉረምረሙን በዱላ ያስተዉት ውሻ ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

በሽታው ግን ያለ ሰበብ ይጀምርና በየቀኑ ይብሳል። ድምፁ ይጎረንናል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ እንጨትና ጠጠር ያኝካል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ ፈጽሞ አይገባም። የነከሰው ወይም ምራቁ ያገኘው ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ አይቅደሙ፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ክትባት አያድንም። ጤነኛ መስሎ የነከሰ ውሻ ደግሞ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በነከሰበት ዕለት ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት መታመሙ ይታያል። የተነከሰው ሰው ግን ውጤቱን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ክትባቱን በዚያው ይጀምራል።

ሁለቱም ካልሆነ ሕመም ይፈለግ። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚያራግፍ ከሆነ ጆሮው ውስጥ መዥገር ወይም መግል ሊኖር ይችላል። ምግብ አንስቶ የሚጥል ከሆነ ጥርሱ ይታይ።

የቀረው አብዛኛው የክረምት ጣጣ ነው። ነጎድጓድ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲያስተጋባ፣ በቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤት ከበሮ ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት እጥፍ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ አንድ ክንድ ያህል ጭድ፣ ከላይ ላስቲክ ተደርቦ በድንጋይ ይያዝ። በረዶ ሲወርድ ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ደመናው ሲጠቁር የግቢው በር ተዘግቶ ሰንሰለቱ ይፈታ፤ ደንብሮ አጥር ሊዘል ሲል ታንቆ የሚሞተው የታሰረው ነው።

ነጎድጓድ የማስለመዱ ሥልጠና ሰማዩ ጸጥ ባለበት በበጋ ይጀመር። በስልክ የተቀዳ ነጎድጓድ፣ ለእናንተ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ5 ደቂቃ ይከፈት። ድምፁ በተሰማ ቅጽበት ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሳምባ ጣል አድርጉለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሥጋው ቀድሞ ድምፁ ከተከተለ ውሻው ሥጋውን ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ሦስት ቀን ተረጋግቶ ከበላ ድምፁ ትንሽ ይጨመር። መብላት ካቆመ በዝቶበታል፤ ወደ ነበረበት ይመለስ። ሳምባው መቀቀሉ ለጣዕም አይደለም፤ በጥሬ ሳምባና ጉበት ላይ ያለው ውኃ የቋጠረ እጢ ለውሻው ትል፣ በውሻው በኩል ደግሞ ለሰው በሽታ ያተርፋል።

«ሲንቀጠቀጥ ካባበሉት ይብስበታል» የሚባለው ሐሰት ነው። እሱ ወደ እናንተ ከመጣ አጠገቡ ተቀመጡ። የሰው ማስታገሻ ግን አይሰጠው፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛሉ፤ ፍርሃቱ ከበረታ የሚስማማውን መድኃኒትና መጠን የእንስሳት ሐኪም ይወስናል።

ሌሊት ሲያላዝን ሟርት ነው ተብሎ የሚደበደበውም አለ። ከጅብ ጩኸት እስከ ብቸኝነት ድረስ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዱላ ከማንሳት በፊት ባትሪ አብርታችሁ የውኃ ዕቃው ባዶ መሆን አለመሆኑን፣ ሰንሰለቱም እግሩ ላይ መጠምጠም አለመጠምጠሙን እዩ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣
ከደሴ